ሥራ ላይ እያለ

ላፕቶፕ አንድ መሣሪያ ሲለየው የሚያሰማት ድምፅ አለች፤ ሁለት ቅላጼ፣ ከላይ ወደ ታች። ቀን ከተማ ውስጥ ልብ የሚላት የለም። ማጀቴ ጓሮ ውስጥ ግን፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከጅብ ጩኸት በቀር ምንም በማይሰማበት ሰዓት፣ ሆድ ታባባለች። ወዲያው ማያው ላይ «ካሜራው ተቋርጧል» የሚል መስመር ይወጣል። መስመሩ ውሸት የለበትም፤ ግን የወደቀውን ይናገራል እንጂ የጣለውን አይናገርም። ይህን እስክረዳ አንድ ሙሉ በጋ አልፎብኛል።

ማጀቴ የእናቴ አገር ናት። እንጀራዬ አዲስ አበባ ቢሆንም ሰማይ ማንሳት የምወደው እዚያ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ሲጠራ ቴሌስኮፔን ጭኜ ጣርማበርን አልፌ፣ ደብረ ሲናን ወርጄ፣ በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ይፋት እገባለሁ። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች እንዳሉን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ያኮራኛልም። ከተራራው ሥር ያለችው ከተማ ግን መብራቷ ከዓመት ዓመት እየበዛ ሰማዩን ያነጣዋል። ማጀቴ ሌላ ነው። ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ስለሆነ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በዚያው ሌሊት ደግሞ ለንደን ያለ ሰው ከቤቱ ደጅ ሆኖ ከቶ የማያየው የደቡብ መስቀል ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ጥር ላይ ኦሪዮን ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ አናት ላይ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። በምዕራብ በኩል ያለው የደጋው ገደል ግን ከዋክብቱን ከሰዓታቸው በፊት ይወስዳቸዋል። የባከነ ሰዓት አይመለስም የምለው ለዚህ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። የኦሪዮንን ደመና የመሰለ ደብዛዛ ነገር በአንድ ጠቅታ አይነሳም። ካሜራው ሦስት ሦስት ደቂቃ፣ አንዳንዴም አምስት ደቂቃ ዓይኑን ከፍቶ ብርሃን ይሰበስባል፤ ምስሉን በዩኤስቢ ገመድ ወደ ላፕቶፑ ይልካል፤ እንደገና ይከፍታል። የእኔ ካሜራ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ስለዚህ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያዎችን በየተራ ፊቱ ላይ የሚያዞር ትንሽ ሞተር አለው። ቴሌስኮፑ ከኮከቡ እንዳይንሸራተት የምትጠብቅ ሌላ ትንሽ ካሜራም ከጎኑ ታስራለች። ሞተሩም ትንሿ ካሜራም የሚሠሩት ከዋናው ካሜራ በሚወስዱት ኃይል ነው፤ እሱ ደግሞ ለእነሱ የሚያካፍለውን በዩኤስቢው ገመድ ከላፕቶፑ ያገኘዋል። አንዴ ከተቋረጠ ሁሉም አብሮ ይወድቃል፤ ማቀዝቀዣው፣ ክትትሉ፣ የምስሉ ተራ።

መቋረጡ ሲጀምር ያላደረግሁት አልነበረም። የካሜራውን ድራይቨር አራግፌ እንደገና ጫንሁ። ዊንዶውስ ባትሪ ለመቆጠብ የዩኤስቢ መሰኪያዎችን የሚያስተኛበትን ቅንብር አጠፋሁ። መሰኪያ ቀያየርሁ፣ ላፕቶፕም ተዋስሁ። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስቱን ባንዴ ነበር የምለውጠው። ከዚያ አንድ ሌሊት እስኪነጋ ሳይቋረጥ ያድራል። ደስታው ልብ ይሞላል፤ የትኛው ለውጥ እንደሠራ፣ ወይም ጭራሽ አንዳቸውም እንዳልሠሩ፣ የማውቅበት መንገድ ግን አልነበረም። በማግስቱ ያቺ ድምፅ ተመልሳ ትመጣለች። ሁልጊዜ የማይሠራ ዕቃ ቀላል ነው፤ አንዴ ሠርቶ አንዴ የሚተው ነው ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው። ኤሌክትሪኩንም ሳልለካ አልቀረሁም። ባትሪው ሙሉ ነበር። ካሜራውን ነቅዬ የገመዱን ጫፍ ስለካው 5 ቮልት ያሳያል፤ ደንቡ የሚለውም 5 ነው። ስለዚህ የኃይልን ነገር ዘጋሁት።

መልሱ የተገኘው ማጀቴ ገበያ ዳር ካለች የሬዲዮና የስልክ መጠገኛ ቤት ነው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የሄድሁት የላላ መሰኪያ እንዲበይዱልኝ ብቻ ነበር። ዕቃው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ጥፋቱንም ነገርኋቸው።

«ኃይሉን ለክተሽዋል?»

«አዎ ጋሼ፣ ለክቼዋለሁ። 5 ቮልት ነው።»

«ስትለኪው ምን ይሠራ ነበር?»

«ምንም። ካሜራውን ነቅዬ ነው የለካሁት።»

«እንግዲያውስ ልጄ፣ የለካሽው እረፍቱን ነው። ሥራ ላይ እያለ ለኪው።»

ወደ ደጅ አዩና እዚህ አገር ያደገ ሁሉ የሚገባውን ነገሩኝ። የመስኖ ቦይ ጫፉ ከተዘጋ ውኃው ከላይ እስከ ታች ሞልቶ ይተኛል፤ ያየው ሁሉ ቦዩ ደህና ነው ይላል። የሽንኩርቱ ማሳ ተከፍቶ ውኃው መሄድ ሲጀምር ነው የጠበበው ቦይ ታች ላለው ሰው ምን ያህል እንደሚያደርስ የሚታወቀው።

በማግስቱ ጓዙን ሁሉ ይዤላቸው ሄድሁ። ማጣሪያ ለማዞር ጨለማ አያስፈልግም። ከገመዱ ጫፍ፣ ካሜራው አጠገብ፣ ልባሱን ትንሽ ገፈፉና የቴስተራቸውን ሁለት እግሮች ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ላይ አሳረፉ። የእኔ ቴስተር ቁጥር የሚያሳይ ነው፤ የእሳቸው ግን መስታወቱ የተጫጫረ፣ የድሮ ባለመርፌ ነው። መርፌዋ ከ5 ጥቂት ዝቅ ብላ ቆመች። ትንሿን ካሜራ አበራሁ፤ መርፌዋ ትንሽ ወደ ግራ አለች። ከዚያ ማጣሪያው እንዲዞር አዘዝሁ። ሞተሩ እርር ሲል መርፌዋ ወደ ግራ ወረደች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ያቺ ድምፅም ከላፕቶፑ ተሰማች። ሽማግሌው ምንም አላሉም። እኔ እንባዬ መጣ፤ ከንዴት አይደለም፣ ያን ሁሉ ሌሊት የተደበቀብኝን ነገር በዓይኔ ስላየሁት ነው። አንድ ጊዜ ድገሚው አሉኝ። ደገምሁት፤ እንደገና ወደቀ።

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ገመዱ 5 ሜትር ነው፤ የዩኤስቢ 2 ገመድ ሊረዝም የሚችለው እስከዚያ ነው። ኃይል የሚያመላልሱት ሽቦዎች ውፍረታቸው 0.32 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ የመዳብ ሽቦ በየሜትሩ 0.21 ኦም ያህል ይቋቋማል። ኤሌክትሪክ ሄዶ ስለሚመለስ መንገዱ 10 ሜትር፣ ተቃውሞው 2.1 ኦም ይሆናል። ካሜራው ብቻውን 0.1 አምፔር ቢስብ መንገድ ላይ የሚቀረው 0.2 ቮልት ነው፤ ማንም አይጎዳበትም። ትንሿ ካሜራና ሞተሩ ተጨምረው 0.4 አምፔር ሲሆን ግን 0.84 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ካሜራው ጋ የሚደርሰው 4.16 ነው። የዩኤስቢ 2 ደንብ አነስተኛ ኃይል ለሚጠቀሙ መሣሪያዎች ያስቀመጠው ወለል 4.4 ነው። ምንም ያልተሰካበት ገመድ ደግሞ ምንም አይጎድልበትም። የእኔ 5 ቮልት እውነተኛ ቁጥር ነበር፤ የጠየቅሁት ጥያቄ ነበር ሌላ።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አልጠየቀም። የራሱ የኃይል መስመር ያለው የዩኤስቢ ሀብ ቴሌስኮፑ ላይ አሰርሁ፤ ኃይሉን ከ12 ቮልት ባትሪ በመቀነሻ ይወስዳል። ከሀቡ እስከ ካሜራው ያለው ገመድ 1 ሜትር ነው፣ ሽቦውም 0.5 ሚሊ ሜትር ያህል ወፍራም። በዚያው 0.4 አምፔር የሚጠፋበት 0.07 ቮልት ብቻ ነው። ረጅሙ ገመድ አሁን መረጃ ብቻ ያመላልሳል።

ሁሉም መቋረጥ ግን የኃይል ማነስ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬአለሁ፤ ራስጌው ላይ «ምን እየተደረገ ነበር?» ይላል። የስህተቱን ስም ከመጻፌ በፊት እሱን እሞላለሁ። ቴሌስኮፑ አንድ የሰማይ ወገን ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ የሚቋረጥ ከሆነ ገመዱ ተወጥሮ መሰኪያውን እየጎተተ ነው፤ ከቱቦው ጋር ማሰር ነው። ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ ከሆነ የላፕቶፑ የኃይል ቁጠባ ነው። ሞተር ሲነሳ ከሆነ ኃይል ነው። በምንም ነገር ሳይወሰን ከሆነ የይፋትን አቧራ አስባለሁ፤ መሰኪያው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ በአልኮል ይጠረጋል። የዩኤስቢ 3 ገመድ የሚለቀው የሬዲዮ ጫጫታ ደግሞ ዋይፋይ ከሚሠራበት 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ጋር ይጋጫል፤ ቴሌስኮፑን በዋይፋይ ለሚያዝ ሰው የሚቋረጠው ካሜራው ሳይሆን ትእዛዙ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የምለውጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለውጬም ሁሉም ሞተር እየሠራ አየዋለሁ።

ይህን ያህል ስለ አንድ ገመድ ምን አስጨነቀሽ የሚለኝ አለ። የማጀቴ ሰው በግንቦት 1953 ዓ.ም. የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ከአባቶቹ ሰምቷል። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ይመሩ የነበሩት ካናዳዊው ፒየር ጉዋን ስለ ኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በጻፉት መጽሐፍ፣ ያኔ ማጀቴ ፈጽማ እንደፈረሰችና በካራቆሬ ከተማ ከነበሩት ቤቶች 45 በመቶው እንደወደቁ መዝግበዋል። ምድርም ሰማይም መሣሪያው እስኪስተካከል አይጠብቁም። ይህን ሳስብ አንድ ገመድ ትንሽ ነገር ሆኖ አይታየኝም።

እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ፀሐይ ስትጋረድ የቀለበቱ መስመር በላሊበላ በኩል አለፈ፤ ማጀቴ ላይ ከፊል ግርዶሽ ነበር። ደመናው ይመጣል፣ ይሄዳል። ቴሌስኮፑ ፊት የፀሐይ ማጣሪያ ነበረው፤ ካሜራው ጨረቃ ፀሐይን ከነካችበት እስክትለቃት ድረስ አልተቋረጠም። ሽማግሌው ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው ነበር፤ ዓይናቸው ከላፕቶፑ ይልቅ ሀቡ ላይ ነበር።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሌላ ግርዶሽ አለ። ሙሉ ጥላው በግብፅ ሉክሶርና በመካ በኩል ያልፋል፣ ሉክሶር አካባቢ ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል፤ እኛ ጋ ከፊል ይሆናል፣ ያውም በክረምት። ደመናውን የሚያዝ የለም። ካሜራ የሚያዘጋጁ የትምህርት ቤት የሥነ ፈለክ ክበባት ካሉ ግን የምለምናቸው አንድ ነገር አለኝ፤ ከወር በፊት ሁሉንም አገናኝተው፣ ሁሉንም ሞተር አስነስተው፣ ግርዶሹ የሚወስደውን ሰዓት ያህል ያሠሩት፤ ቴስተሩንም ያን ጊዜ፣ የገመዱ ጫፍ ላይ፣ ካሜራው ሳይነቀል ያሳርፉት።