ዶካ ላይ የተጫነው ሣጥን

ኅዳር 2011 ዓ.ም. ነበር። ከመተማ ዮሐንስ ተሻግሬ ገላባትን ስለቅ ዓይን የሚያርፍበት ተራራ ጠፋ። ለጎንደር ልጅ ይህ ራሱ ጉድ ነው። መሬቱ ዝናብ ሲለየው እግር እስኪውጥ የሚሰነጠቅ መረሬ ነው፤ በላዩ ሰማይና ምድር እስከሚገጥሙበት ድረስ ማሽላና ሰሊጥ።

ገዳሪፍ ገበያ ግን እህሉን ትቼ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ ዋልኩ። ሽማግሌው ለሽያጭ የማያወጧቸውን ሬዲዮዎች እንደ ዕድሜያቸው ደርድረዋቸዋል። ላይኛው መደርደሪያ ላይ የእንጨት ሣጥን ያላቸው ባለ አምፖሎች፣ ከሥራቸው ስድስት ድንጋይ የሚጎርሱ ትራንዚስተሮች፣ ታች መዳፍ የማትሞላ የቻይና ሬዲዮ። እንዲህ ያለ ዐውደ ርዕይ ከተማ ውስጥ አላየሁም። ቡና በጀበና ቀረበ፤ እነሱም "ጀበና" ነው የሚሉት።

"ልጄ፣ ጠብቅ፣ ይሙቅ" አሉኝ፣ ከስደተኞቻችን በለመዱት አማርኛ። አምፖሎቹ ቀስ ብለው ቀሉ፤ ከዚያ "ሁና ኡምዱርማን" (እዚህ ኡምዱርማን ነው) የሚል ድምፅ ወጣ። የኡምዱርማን ሬዲዮ ጣቢያ እንግሊዞች በ1932 ዓ.ም. ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቅስቀሳ የከፈቱት ነው። የከሰላዋ ልጅ አይሻ አል ፈላቲያ ከሱዳን ሴቶች ቀድማ የዘፈነችውም በዚሁ ጣቢያ ነው። "ማታ ነው ጠርቶ የሚሰማ" አሉ ሽማግሌው። እውነታቸውን ነው፤ ቀን መካከለኛውን ሞገድ የሚውጠው የአየር ንብርብር ፀሐይ ስትጠልቅ ይከስማል፣ ሞገዱም ከበላዩ ካለው ንብርብር ነጥሮ ያለ ይለፍ ወረቀት ድንበር ይሻገራል። ያ ጣቢያ በ2015 በታጣቂዎች እጅ ወድቆ መጋቢት 3 ቀን 2016 ሲመለስ ዜናውን ስሰማ፣ ዓይኔ ላይ የመጣው ያ መደርደሪያ ነው።

በመመለሻዬ ዶካ ወረድኩ። ይህቺ መንደር ለእኛ ታሪክ ምን እንደሆነች የሚያሳይ አንድ ምልክት እንኳ አላገኘሁም፤ ቆጨኝ። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድ የጎጃም አርበኞችን ለማገዝ የተላከውን "ተልእኮ 101" የተባለ ቡድን ይዘው የተነሡት ከዚህ ነው፤ ነሐሴ 6 ቀን 1932 ድንበሩን ተሻገሩ። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው አዛዥ ከበደ ተሰማም ከተልእኮው ጋር ነበሩ። ጣልያን ገላባትን ከያዘ ገና ከወር ትንሽ ቢያልፈው ነው። የመገናኛ ሬዲዮውና ባትሪው በጭነት ከብት ተጭኖ፣ በጠላት ምሽግ መካከል ሾልኮ ጎጃም ገባ። ጃንሆይ ካርቱም ተቀምጠው ወሬ ይጠብቃሉ፤ መልእክተኛ በእግሩ ሳምንታት የሚፈጅበትን መንገድ ሬዲዮው ባንድ ጀንበር ያደርሰዋል። የጎጃም አርበኞች መሪዎች ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ እርስ በርስ ለመተባበር የተስማሙት ሳንፎርድ በገቡ በቀጣዩ ወር ነው።

ሻይ የምትሸጠውን ሴት ወደ ድንበሩ የሚወስደውን አሮጌ መንገድ ጠየቅኳት፤ በእጇ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሜዳው አመለከተችኝ። ጥቂት ሄድኩበት። ደረቅ ወር ነው፣ ሸክም የለኝም፣ የሚተኩስብኝም የለም፤ ያም ሆኖ መቶ እርምጃ ሳልሄድ ስንጥቁ ጫማዬን ያዘው። እነሱ ያለፉት በነሐሴ ጭቃ ነው።