ከጉና ማዶ፣ የኅዳር ማር

ከወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦርን ያለፈ መንገደኛ ጉናን በቀኙ እያየ ወደ ጋይንት ይጓዛል። ነፋስ መውጫ ስሟ ብቻ ጋቢ ያስደርባል። ከጉና በስተደቡብ እስቴ አለች፤ ሲማዳ ደግሞ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ትወርዳለች። ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው ንቡ ሥራ ይበዛበታል፤ ጥቅምትና ኅዳር ማር ይቆረጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ከቤተሰብ ጋር የሄድነው ለዚህ ነበር። በእበት የተለሰነው ቀፎ በቤቱ ታዛ ሥር ተደርድሯል። ማሩ ከነሰፈፉ በሳህን ቀረበልን። እያኘኩ ሰፈፉን መትፋት ነው፤ እንዲህ ያለውን ጣዕም የከተማ ብልቃጥ አያውቀውም።

የቤቱ እመቤት በጣታቸው ጫፍ ማር ነክተው ወደ እህቴ ልጅ አፍ አቀረቡ። ልጅቷ ዘጠኝ ወሯ ነው። እህቴ ቀስ ብላ እጃቸውን ያዘችና «እማማ፣ ለእኔ ያጉርሱኝ፤ እሷ በጡቴ ታገኘዋለች» አለቻቸው። እሳቸውም ሳቁና አጎረሷት። የምታጠባ እናት ማር ብትበላ ልጇን አይጎዳም።

ማር ውሃው ጥቂት፣ ጠባዩም አሲዳማ ስለሆነ ብዙ ተሕዋስያን አይራቡበትም። የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ግን ሳይሞት ተኝቶ ሊቆይበት ይችላል። የአዋቂ አንጀት ይህን ይቋቋመዋል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን አንጀት ውስጥ ግን ዘሩ ነቅቶ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም ጡንቻን ያዝላል። ሕመሙ በሕፃናት ላይ መኖሩ የታወቀው በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ነው። ብዙ ጊዜ በሆድ ድርቀት ይጀምራል፤ ከዚያ ጡት የመጥባት አቅም ይደክማል፣ ለቅሶው ይሰልላል፣ የዓይን ቆብ ይወድቃል፣ አንገት ይዝላል። እነዚህ ከታዩ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። «አፍልቼ ብሰጠውስ?» ለምትሉ፣ ዘሩ የቤት ፍል አይበግረውም። ማር የተበጠበጠበት ውሃም፣ ብርዝም ያው ማር ነው።

ለተቀረው ቤተሰብ ስጋቱ ቀላል ነው። ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ልኩን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። ሳይደርስ የተቆረጠ ማር ውሃው ስለሚበዛ ይቦካል፤ አረፋ ካወጣና ከኮመጠጠ ለጠጅ ካልሆነ ለቁርስ አይሆንም። የረጋ ማር ሁሉ ስኳር የተቀላቀለበት አይደለም፤ ብልቃጡን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃዋል። እርጥብ ማንኪያ ብቻ አታስገቡበት።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ሱቅ ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ብልቃጥ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ነው። «ንጹሕ» እና «የተፈጥሮ» የሚሉት ጎላ ብለው ይጻፋሉ፤ የሕፃናቱን ማስጠንቀቂያ ግን ብዙ ጊዜ ፈልጌ አጣዋለሁ። አንዲት መስመር ምን ያህል ቀለም ትፈጃለች?

ከጋይንት ያመጣነውን ማር ለዘመድ ስናከፋፍል በየብልቃጡ ላይ «ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም» ብዬ በማርከር ጻፍኩበት። አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና «ከሰባ በላይስ ይሰጣል?» አሉኝ፤ መልስ ሳይጠብቁ ማንኪያ አነሡ።