ቀን የጎደለበት

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ይህችን ጥያቄ ሳትረሷት አትቀሩም። ክፍሉን ሁሌ ለሁለት ትከፍለው ነበር።

ሁለት የሚኒባስ ሹፌሮች በአንድ ምሽት፣ በአንድ መንገድ፣ በእኩል ፍጥነት ይነዳሉ። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ረዳቱ አዙረው ስለ ሒሳብ ይጨቃጨቃሉ። አንደኛው ፊት ማንም አልገባም፤ መኪናውን አቁሞ እራቱን በላ። ሁለተኛው ፊት አንድ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ገባ። አንደኛውን "ቀልጣፋ ሹፌር" እንለዋለን፣ ሁለተኛውን "ነፍሰ ገዳይ"። የሁለቱ ጥፋት ግን አንድ ነው። የለየቻቸው ኳሷ ናት።

ቶማስ ኔግል እና በርናርድ ዊሊያምስ የተባሉ ፈላስፎች በ1976 እ.ኤ.አ. "የሞራል ዕድል" ብለው የተከራከሩበት ጉዳይ ይኸው ነው። ሰው የሚጠየቀው በእጁ ባለው ነገር ብቻ ነው እንላለን። ስንፈርድ ግን በእጁ ያልነበረውንም እንጨምርበታለን።

ሕጋችንም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 እዩት። የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት አንድ ሰው ቢገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው። የሞቱት ሁለት ከሆኑ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። ከልጁ ጎን ጓደኛው ይኑር አይኑር ሹፌሩ የመረጠው ነገር አይደለም።

"ታዲያ እኩል ይቀጡ ነው የምትለው?" ትሉኝ ነበር። አልልም። ልጇን ለቀበረች እናት "የዕድል ጉዳይ ነው" ብሎ የሚነግራት ማነው? ለሞተው ፍትሕም ካሳም ይገባዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ በሰላም የገባው ነው። ለሁለተኛው ቢያንስ "ቀን ጎደለበት" የሚል ቃል አለን። ቀን ላልጎደለበት ምንም ቃል የለንም። ማንም ስላልተቆጣው ነገም ፊቱን ያዞራል።

እሱን መቆጣት የሚቻለው ደግሞ ማንም ሳይሞት፣ እኛ ከኋላው ተቀምጠን ሳለ ነው። "ሹፌር፣ መንገዱን እያየህ!" ማለት ምን ይከብዳል? ግን ይከብደናል። "ምን አገባህ" እንዳንባል ዝም እንላለን፤ ከዚያ "ወራጅ አለ!" ብለን እንወርዳለን።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?