ፋብሪካ ይመጣል የተባለበት መሬት



በሀገራችን መሬት ለኢንዱስትሪ ሲከለል የሚነገረው ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ወጣቱ ሥራ ያገኛል» የሚል። ገበሬው ማሳውን፣ አርብቶ አደሩ ግጦሹን የለቀቀው በዚህ ቃል ነው። ዛሬ ያ ቃል በተሰጠበት መሬት ላይ ሌላ ዓይነት ተከራይ ደጅ እየጠና ነው። ይህ ተከራይ ልብስ አይሰፋም፣ ቆዳ አያለፋም፣ በፈረቃ የሚገባና የሚወጣ የሰው ጎርፍም የለውም። የሚፈልገው መሬት፣ ኤሌክትሪክና የፋይበር መስመር ነው። ስሙ ዳታ ሴንተር ይባላል። በምኖርባት ጅግጅጋ ሆኜ ነገሩን በጉጉትም በሥጋትም እከታተለዋለሁ።

እንዴት እዚህ እንደደረስን ባጭሩ ላስታውስ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በደጉ ጊዜ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ነበሩት፤ አብዛኞቹም ወጣት ሴቶች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ በዚያ የነበረውን ሥራውን ዘጋ። በታኅሣሥ ደግሞ ሀገራችን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ታገደች። በሌላ ወገን በአዲስ አበባው አይሲቲ ፓርክ ዊንጉ፣ ራክሲዮና ሬድፎክስ የተባሉ ኩባንያዎች የመረጃ ማዕከሎቻቸውን ተከሉ። በርካሽ ኃይል የተሳቡ የቢትኮይን ኩባንያዎችም ጎረፉ። በ2016 ዓ.ም. የእነዚህ ኩባንያዎች ፍጆታ 600 ሜጋዋት ያህል መድረሱ ተዘገበ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለእንዲህ ዓይነት ሥራ አዲስ ፈቃድ መስጠት ማቆሙን አስታወቀ።

ሁለቱን ሥራዎች አለመደባለቅ ይገባል። የቢትኮይን መኪና ቀን ከሌት ቁጥር ሲገምት የሚውል፣ በኮንቴይነር ተጭኖ የሚመጣ፣ ዋጋው ሲያጣው በኮንቴይነር ተጭኖ የሚሄድ ነው። እውነተኛው የመረጃ ማዕከል ግን የባንኩን ሒሳብ፣ የሆስፒታሉን መዝገብ፣ የዩኒቨርሲቲውን ጥናት የሚያኖር ቤት ነው። የመጀመሪያው ለመንግሥት ዶላር ያስገኛል፤ ያን አልክድም። ሀገር የሚያገለግለው ግን ሁለተኛው ነው።

«ይህ ለጅግጅጋ ምኗ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ካርታውን ዘርጉት። ጎረቤታችን ድሬዳዋ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነፃ ንግድ ቀጣና አላት። ከእሷ በስተሰሜን የክልላችን ሲቲ ዞን ነው፤ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ። በአዲጋላ በኩል ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ኤሌክትሪክ ወደ ጅቡቲ የሚሻገርበት ከፍተኛ መስመር ያልፋል። አይሻ 120 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የታቀደ የነፋስ ማመንጫ የተተከለባት ምድር ናት። የባቡሩ ሐዲድ እዚያው ነው፤ የባሕር ሥር ኬብሎች የሚወጡበት የጅቡቲ ወደብም ሩቅ አይደለም። ነፋስ፣ ሽቦ፣ ሐዲድና ኬብል በአንድ ቦታ የተገናኙበት ሀገር ባለሀብት ሳያየው አይቀርም።

ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ትምህርት የተመረቀ አንድ ጎረቤቴ ገበያ ውስጥ ስልክ ይጠግናል። መብራት ሲጠፋ፣ ደግሞም ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ ጄኔሬተሩን አስነሥቶ ይሠራል። ስለ ዳታ ማዕከል ሳወራው፣ «አዴር፣ እዚህ ቢመጣ እኔን ይቀጥረኛል?» አለኝ። ሐቁ ይህ ነው፤ ግንባታው ብዙ ሰው ያሠራል። ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን ትልቅ የሚባለውም ማዕከል ቋሚ ሠራተኞቹ ከአሥሮች እስከ ጥቂት መቶዎች ናቸው። ሐዋሳ በሺዎች ይቆጥር የነበረውን ይህ በጣት ይቆጥራል።

የሲቲ ሰዎች ይህን ትምህርት ከባቡር ተምረውታል። አሮጌው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማ ወለደ። እንፋሎት ሞተሩ ውኃ ይጠማው ስለነበር በየጣቢያው ይቆም ነበር፤ በቆመበትም ሻይ ቤት፣ ገበያ፣ መንደር በቀለ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ግን ኃይሉን ከራሱ በላይ ከተዘረጋው ሽቦ ይወስዳል፤ በየመንደሩ የሚያቆመው ጥም የለበትም። ፈጣን ነው፣ ዘመናዊ ነው፣ ግን ያልፋል። እኔ የምፈራው ዳታ ሴንተሩ እንዲሁ የማይቆም ባቡር እንዳይሆንብን ነው።

እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። በፊንላንድ ሐሚና ከተማ የነበረ የወረቀት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ተዘጋ፤ በዓመቱ ጉግል ገዝቶ የመረጃ ማዕከል አደረገው። ፋብሪካው ይጠቀምበት የነበረው የባሕር ውኃ ዋሻ ዛሬ ኮምፒውተሮቹን ያቀዘቅዛል። ኮምፒውተሮቹ የሚተፉትን ሙቀት የከተማዋን ቤቶች ለማሞቅ ለማዋልም ስምምነት ተደርጓል። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ያለው የላውደን አውራጃ ደግሞ በማዕከላቱ ውስጥ ባሉት ኮምፒውተሮች ላይ በሚጥለው ግብር ትምህርት ቤቶቹን ይደግፋል። በሁለቱም ቦታ አካባቢው ድርሻውን አግኝቷል።

እንግዲህ የእኛ ድርድር ምን ይሁን? በመጀመሪያ፣ ለፋብሪካ ተብሎ የተወሰደ መሬት ተከራይ ሲለውጥ ውሉ ለሕዝብ ይገለጥ፤ ስንት ሰው ይቀጥራል፣ ስንት ሜጋዋት ይወስዳል፣ ውኃውን ከየት ይቀዳል? በሲቲ ምድር ውኃ የግመልም የሰውም ሕይወት ነውና ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሁለተኛ፣ ከሚሰበሰበው ገቢ የታወቀ ድርሻ ለወረዳው ይመደብ። ከሀገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ መብራት በሌለበት ዘመን፣ ከሽቦው ሥር የሚያድር መንደር በጨለማ መቅረት የለበትም። ሦስተኛ፣ በኮንቴይነር መጥቶ በኮንቴይነር ለሚሄደው ሳይሆን የባንክና የሆስፒታል መረጃ ለሚያኖረው ቅድሚያ ይሰጥ፤ የጅግጅጋና የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃንን ማሠልጠንም የፈቃዱ ግዴታ ይሁን።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል የሀገሬ ሰው። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ ቦንድ ከገዙት መካከል የጅግጅጋ ነጋዴና መምህርም አሉ። በእነሱም ገንዘብ የተገነባ ኃይል በማን መሬት ላይ፣ ለማን ጥቅም እንደሚውል መጠየቅ ልማትን መቃወም አይደለም። ለዚያ ስልክ ጠጋኝ ጎረቤቴ ጥያቄ መልሱ ሊነገረው የሚገባው አጥሩ ከመታጠሩ በፊት ነው።

ቸር እንሰንብት።