ሰባት ጊዜ ብልጭታ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደሴ ለምታስተምረው ታናሽ እኅቴ ከቨርጂንያ አንዲት የሚሞሪ ካርድ በመንገደኛ እጅ ላክሁ። በትምህርት ቤቷ ራስበሪ ፓይ የምትባል፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ኮምፒውተር ነበረች። ተማሪዎች ኢንተርኔት ባይኖርም መጻሕፍትን በዋይፋይ እንዲያነቡባት ታስቦ ነው። ለዋይፋዩ መሣሪያ ድራይቨር ለመጨመር የሊኑክስን ከርነል፣ የስርዓተ ክወናውን እምብርት፣ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ነበረብኝ።

ያንን በትንሿ ማሽን ላይ መሥራት ረጅም ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ የሙያው ልማድ እንደሆነው ቤቴ ባለው ጉልበተኛ ኮምፒውተር ሠራሁት። የእኔው ፕሮሰሰር ኢንቴል ነው፤ የእሷ አርም፤ የሚያውቁት የትእዛዝ ቋንቋ አይገናኝም። ለማን እንደሚሠራ ካልተነገረው የከርነሉ ግንባታ ለተቀመጠበት ማሽን እንደሚሠራ አውቃለሁና "ለአርም" ብዬ አዘዝሁ። በራሴ ራስበሪ ፓይ 2 ላይ ስሞክረው ያለ እንከን ተነሣ። ለቀደሙት ማሽኖች የሚያገለግለውን ከርነልም "ምን ያደርጋል" ብዬ ከካርዱ ላይ አጠፋሁት።

ደሴ ላይ ማሽኗ አልነሣ አለች። እኅቴ ደውላ "ወንድም ጋሼ፣ አረንጓዴዋ መብራት ሰባት ሰባት ጊዜ ብልጭ ትላለች" አለችኝ። "ከርነል አላገኘሁም" ማለት ነው። የእሷ ለካ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣችው ቢ ፕላስ ኖራለች፤ የእኔ የ2015 ነች። ለዓይን መንትያ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የእሷ የአርም ስድስተኛ ሥሪት፣ የእኔ ሰባተኛ ነው፤ ለሰባተኛው የተሠራ በስድስተኛው ላይ አይሠራም።

"ስሟ እኮ ሰሌዳዋ ላይ ተጽፏል፤ ብትጠይቀኝ አነብልህ ነበር" አለችኝ።

ሁለተኛው ካርድ የደረሰው የትምህርት ዘመኑ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። የዚያ ዓመት ተማሪዎች ያጡትን ንባብ የሚመልስ ማስተካከያ የለኝም።

በውጭ ሆነን ለአገር ቤት የፖሊሲ ሐሳብ የምናረቅቅ ሰዎች ርቀታችን ብዙ ጊዜ ይወቀሳል። ከዚህ ገጠመኝ በኋላ ወቀሳው ኢላማውን የሳተ ይመስለኛል። አቅም ባለበት ሠርቶ አቅም ወዳጠረበት መላክ ተገቢ ሥራ ነው። እኔን የጎዳኝ እጄ ላይ ያለችውን ማሽን የእሷ ምስክር ማድረጌና በዚያው ልበ ሙሉነት አሮጌውን መደምሰሴ ነው። ረቂቅ ስንጽፍም የምናውቀውን መሥሪያ ቤት፣ የተማርንበትን ከተማ እንደ መሞከሪያ እንይዛለን፤ እዚያ ሲሠራ ደግሞ ነባሩን አሠራር ለመሻር እንቸኩላለን።

ዛሬ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ስልክ እደውላለሁ፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እንዲያነቡልኝም እለምናለሁ።