የራስን መብት በገንዘብ ስለ መግዛት

ሰው ባልሠራው ጥፋት በተቀጣ ጊዜ ከቅጣቱ ይልቅ የሚከብደው ቃሉን የሚሰማው ማጣቱ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በራሴ ደርሶ አየሁት እንጂ።

እኔ በአቃቂ ቃሊቲ፣ በገላን ኮንዶሚኒየም የምኖር ሾፌር ነኝ። የቤተ ሰቤ እንጀራም የቤቴ የባንክ ዕዳም የሚገኘው ከመሪው ነው። በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር አንድ ማለዳ፣ በቱሉ ዲምቱ አደባባይ አጠገብ የትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝና መንጃ ፈቃዴን ከመረመረ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይህ ፈቃድ ተሰርዟል፤ ከእንግዲህ ሊነዱበት አይችሉም» አለኝ።

መኪናውን ለባለቤቱ አስረክቤ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድሁ። በመዝገቡ ላይ፣ ነድቼ በማላውቅበት ከተማ ሰው የገጨ ሾፌር ተጽፏል። ስሙ፣ የአባቱና የአያቱም ስም ከእኔ ጋር አንድ ነው፤ የፈቃዱ ቁጥር ግን የእኔ አይደለም። ለካ ጸሓፊው ቁጥሩን ሳያመሳክር የሞክሼዬን ቅጣት በእኔ ላይ ጭኖት ኖሯል። ይህን ባመለክት፣ «ኮምፒውተሩ የሚለው ይህንን ነው» ተባልሁ። በማግሥቱ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ በሳምንቱ ነገ ተመለስ። እንዲህ እያልሁ ሦስት ሳምንት ተመላለስሁ።

በዚህ መካከል በበሩ አጠገብ የሚውል አንድ ጉዳይ ገዳይ ቀረበኝና፣ «አሥር ሺህ ብር አምጣ፤ ዓርብ ፈቃድህ በእጅህ ነው» አለኝ። ባለቤቴ የዕቁብ ገንዘቧን አውጥታ በጠረጴዛ ላይ አኖረችና፣ «ልጆቹስ ምን ይብሉ?» አለች። አልፈረድሁባትም፤ እኔም ልሰጥ ቆርጬ ነበርና።

በዚያው ማታ ግን ከእኛ በታች የሚኖሩትን፣ ቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሓፊ የነበሩትን ሽማግሌ አማከርሁ። እርሳቸውም እንዲህ አሉኝ፤ «ስማኝ ልጄ፣ ገንዘቡን ብትሰጥ የምታገኘው ወረቀቱን ነው፤ መዝገቡ ግን እንዳለ ይቀራል። ዛሬ ጥፋት የሌለብህ ሰው ነህ፤ ጉቦ በሰጠህ ቀን ግን በእውነት ጥፋተኛ ትሆናለህ። ያን ጊዜ በምን አፍህ ትጮኻለህ?»

ከዚያም መነጽራቸውን አድርገው ማመልከቻውን አብረን ጻፍን። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012፣ መሥሪያ ቤት በሰው መብት ላይ ሲወስን አስቀድሞ ባለ ጉዳዩን እንዲሰማ፣ ውሳኔውንም ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ በመሥሪያ ቤቱ ያልታረመውን በደልም ፍርድ ቤት እንዲያየው መንገድ ይከፍታል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም የአስተዳደር በደል የደረሰበትን ሰው አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላል። ይህንን ሁሉ በአጭሩ ጠቅሰን፣ ሁለቱን የፈቃድ ቁጥሮች ጎን ለጎን አሰፈርን። ሽማግሌው፣ «ያለ ገቢ ቁጥር ወረቀት አትስጥ፤ ግልባጩንም በእጅህ አስቀር» ብለው አስጠነቀቁኝ።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲሉ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይሉ ነበር። የእኔ ውሃ ግን በአንድ ቀን አልቆመም። ሁለት ወር ያህል በግንባታ ሥራ ድንጋይ ተሸከምሁ፤ ከባንክ ዕዳዬም የሁለት ወሩን ሳልከፍል ቀረሁ። በመጨረሻ ቅሬታ ሰሚው ክፍል ቁጥሮቹን አመሳክሮ፣ ስሕተቱ መታረሙን የሚገልጽ የሦስት መስመር ደብዳቤ ሰጠኝ። ይቅርታ ያለኝ የለም፤ የቀረብኝን ገቢም የተካልኝ የለም። ነገር ግን ስሜ ከመዝገቡ ነጻ ወጣ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት፣ «በአሥር ሺህ ብር ሁለት ወር ከድንጋይ መሸከም ትድን አልነበረምን?» ትል ይሆናል። እድን ነበር። ይሁን እንጂ የራሱን መብት በገንዘብ የገዛ ሰው፣ መብቱን በሻጩ በጎ ፈቃድ የሚገኝ ችሮታ አደረገው፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውም ገንዘብ የሌለው ባለ ጉዳይ በዚያው በር ላይ እንዲቀር ፈረደበት። ጸሓፊው የሳተው አንድ ቁጥር ነው፤ እኔ ልስት የነበረው ግን ራሴን ነው። የጸሓፊውን ስሕተት ደብዳቤ አረመው፤ የእኔን ግን የሚያርም ደብዳቤ አይገኝም ነበር።