ጓዳ የዋለችው እህቴ

በቤታችሁ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ እንዲገባ የሚደረግ ሰው አለ? በእኛ ቤት ነበረች፤ ታናሽ እህቴ። የሚጥል በሽታ እንዳለባት ጎረቤት እንዳያውቅ፣ እናቴ ሰው ቡና ከመጥራቷ በፊት እሷን ጓዳ ታስገባት ነበር።

አንድ ቀን እዚያው ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ሳለች ጣላትና ምድጃው ላይ ወደቀች። ከእሳቱ ጎትታ ያወጣቻት እናቴ ናት። ተሯሩጦ የመጣው ጎረቤት ክብሪት እየጫረ ከሩቅ ሊያሸታት ሞከረ እንጂ አልነካትም፤ በሽታው በአረፋው ይተላለፋል ይባል ነበርና። እኔም እህቷ ሆኜ ፈርቼ ቆምኩ። የክንዷን ጠባሳ ባየሁ ቁጥር ያ መቆሜ ይቆጨኛል።

ከዓመታት በኋላ ስለ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ሥራ አነበብኩ። በአገራችን የነርቭ ሕክምና ፈር ቀዳጅ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን አስተምረዋል፤ ጓያ በመብላት እግራቸው የሚሽመደመድ ገበሬዎችን ችግርም አጥንተዋል። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን የቡታጅራው ጥናታቸው ነው።

ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቻቸው ሕመምተኛው ሆስፒታል እስኪመጣ አልጠበቁም። ገጠር ወርደው ቤት ለቤት አስጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከ60,820 ሰዎች መካከል 316ቱ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው፤ ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ ማለት ነው። ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ከመቶ ሁለት አይሞሉም ነበር። በእሳት የተቃጠሉም ነበሩባቸው።

ያን ሳነብ የእህቴን ክንድ አሰብኩ። ለካ በየጓዳው ብዙ እህቶች ነበሩ! እኚህ ሐኪም በር አንኳኩተው ባይቆጥሯቸው ማን ያውቃቸው ነበር?

እህቴ ዛሬ ኪኒኗን ሳታቋርጥ ትወስዳለች። እንግዳ ሲመጣም ሳሎን አብራን ትቀመጣለች።

እናንተም ሰው ሲጥለው ብታዩ አትሽሹ፤ በሽታው በመንካት አይተላለፍም። እሳትና ስለት ከአጠገቡ አርቁ፤ በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። ሲነቃም አጠገቡ ሁኑ። እኔ ያን ቀን ያላደረግኩት ይህን ነው።